ቪዛ ሳይመታ የሚነበብ ምክር

ከሁሉ አስቀድሞ አንቱታውን ይልመዱት። ዕድሜዎ ገና አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ፣ እስከ ትናንት ድረስም ሽንኩርት ግዛ እየተባሉ ሱቅ ሲላኩ እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን በሰፈራችን ደንብ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያመለከተ ልጅ ቅጹን ከላከበት ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሽማግሌ ነው፤ ቪዛው ሲመታለት ሙሉ ይሆናል። የተከለከለ እንደሆነ ያለ ምንም ቂም ወደ አንተና አንቺ እንመለሳለን። ስለዚህ ይህን ምክር ክብርዎ ሳይነሣ ያንብቡት።

ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ ትምህርቱም ማኅበራዊ ኑሮውም አብሮ ይታይ ይላሉ አዋቂዎች። እኔም እስማማለሁ። ባሕር ማዶ መማር ማለት በቀን አራት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ፣ የቀረውን ሃያ ሰዓት ከማያውቁት ሕዝብ ጋር መኖር ነው። እኛ ስለ አራቱ ሰዓት ስንጨነቅ ሃያውን ለእግዜር እንተዋለን። አይ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ ስለ አራቱም አንጨነቅም፤ የሚያስጨንቀን አውሮፕላኑ ነው።

መጀመሪያ የስሙን ነገር እንይ። የሚመርጡት ዩኒቨርሲቲ ስም በዕድር ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየተዘገነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር መሆን አለበት። እናትዎ «ልጄ ሃርቫርድ ገባልኝ» ቢሉ ድንኳኑ ጸጥ ይላል። «ልጄ ግሪኔል ገባ» ቢሉ ግን «ውይ! ምን አገኘው?» የሚል አይጠፋም። ግሪኔል በአዮዋ ግዛት፣ አሥር ሺህ ሰው በማይሞላባት ከተማ ያለ፣ ለውጭ አገር ተማሪ በሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ የሚታወቅ ጎበዝ ኮሌጅ ነው፤ ይህ ግን ለድንኳኑ ምኑም አይደለም። መፍትሔው ኮሌጁን ትቶ አገሩን መጥራት ነው። «አሜሪካ ነው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ አይከተልም። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ ስለሚደረድረው ሠንጠረዥ ብዙ አልልም። መቶ ሃያኛውን ከመቶ አርባኛው ምን እንደሚለየው ሠንጠረዡን ያወጡት ሰዎች ቢጠየቁም ያልባቸዋል።

ቀጥሎ «ምርጫ» የምንለው ነገር ምን ያህል ምርጫ እንደሆነ እንተዋወቅ። እርስዎ ዩኒቨርሲቲ አይመርጡም፤ ከፋዩ እርስዎን ይመርጣል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን ኪስ ሳይመለከቱ ይቀበላሉ፣ የተቀበሉትንም የጎደለውን ይሞሉለታል። ደስ ይላል፤ ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ እንደማይቀበል ትዝ እስኪልዎት ድረስ። ጀርመን ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ በሚባለው ግዛት ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያወጣል። በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነጻ ነው። ነጻ መባሉን ሰምቶ የሮጠ ሰው ኤምባሲው በር ላይ ሲደርስ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠህ ና ይባላል። ገንዘቡን ማንም አይወስድብዎትም፤ በየወሩ 992 ዩሮ እየተቆነጠረ ይሰጥዎታል። ይህን ያህል ዩሮ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ነጻ ነገር ፍለጋ ለምን ይሮጣል ብለው ቢጠይቁ መልስ የለኝም።

የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለዓመታት በወር 43,700 ፎሪንት ሲከፍል ቆይቷል። ቁጥሩን ለአባትዎ በፎሪንት ይንገሩ፤ ወደ ዶላር እንዳይመነዝሩት አደራ። ደብረጼን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማም አለቻቸው፤ በስሟ ገዳም መስላቸው ደስ ያላቸው እናቶች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ መኝታውንና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርቱን ይችላል። ቻይና ከሄዱ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ዝግ ናቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ያወራሉ፤ ሃያ ሦስት አክስቶች ያሉበት የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ላለ ሰው ግን ከስኮላርሺፑ የማያንስ ጸጋ ነው። ሕንድ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችን ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው የመጡባት አገር ናት። በዚያ ለሚጾም ሰው ሥጋ የሌለበት ማዕድ በየደጃፉ አለ፤ ብቻ አይቡን ይጠንቀቁ። የእነርሱ ጾመኛ አይብ ይበላል፣ ማብሰያውም ብዙ ጊዜ ቅቤ ነው፤ በዐቢይ ጾም ይህን ዘግይቶ ያወቀ ሰው ንስሐ አባቱን በስልክ መፈለግ ይኖርበታል።

ዋናው ጉዳይ ግን የሐበሻ ብዛት ነው። በዚህ ረገድ ማንም ሳይሾመኝ ያወጣሁት ሕግ አለ፤ ለአንድ ካምፓስ ተገቢው የሐበሻ ቁጥር ከሦስት አያንስም፣ ከሰባት አይበልጥም። ብቻዎን ከሆኑ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጥ በስልክ እያዩ ያለቅሳሉ። ሁለት ከሆናችሁ ወይ ትጋባላችሁ ተብሎ ይጠበቃል፣ ወይ ስትጣሉ የሚያስታርቅ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ይደርሳሉ። ሦስት ሲኮን ሽማግሌ ተገኘ ማለት ነው። አራተኛው ሲመጣ ጀበናው ይወጣል። አምስትና ስድስት ላይ ተራ ይገባል፤ ሰባት ላይ ማኅበር ይባላል። ስምንተኛው ሰው ግን አደገኛ ነው። እርሱ ሲጨመር ማኅበሩ ሊቀመንበር ያስፈልገዋል፤ ሊቀመንበር ሲመረጥ መተዳደሪያ ደንብ ይረቀቃል፤ ደንቡ ሲጸድቅ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። ለእንቁጣጣሽም በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በአንድ ሕንፃ፣ አንደኛው ወገን ምድር ቤቱን ሌላኛው ፎቁን ይከራያል። አንዱ ጋ ብቻ ከሄዱ የሌላኛው ጠላት ነዎት፤ ሁለቱም ጋ ከሄዱ ሰላይ ነዎት።

ሕጉ ዋሽንግተን ላይ አይሠራም። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእግር በሚደረስበት፣ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና በሚገናኙበት አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያማ እንጀራው፣ ጸጉር ቤቱ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ በአማርኛ ይገኛል። የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ የአገርዎ ልጅ ነው፤ ሳያስከፍል ሊያሳልፍዎ ይችላል፣ በምትኩ የማን ልጅ እንደሆኑ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ከተማ አራት ዓመት የተማረ ሰው እንግሊዝኛው እንዳለ ይቆያል፤ አማርኛው ግን በጣም ይሻሻላል።

እዚያ ከተማ አክስት ካለችዎት ምርጫው አለቀ፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነው። ቤት ኪራይ የለም። ይህን «የለም» በደንብ ያስቡበት። ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው እርስዎ ነዎት፤ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጡ በእግር፣ ካወጡ በኋላ በአክስትዎ መኪና። ቅዳሜ ክርስትና፣ እሑድ ቅዳሴና ሰንበቴ፣ በሌላው ቅዳሜ ምርቃት፣ ቀጥሎ የማያውቁት ሰው ልደት። ክፍል ጓደኞችዎ ሐሙስ ማታ የት እንደሚሰበሰቡ ሳይሰሙ ሁለተኛ ዓመት ይደርሳሉ። ደግሞም ምንም ነገር አይደበቅም፤ ከማን ጋር ቡና እንደጠጡ እናትዎ አዲስ አበባ ላይ የሚሰሙት ቡናው ሳይበርድ ነው። አክስትዎ ክፉ ሆነው አይምሰልዎት። እርሳቸውም ሲሄዱ አክስት ነበረቻቸው።

ግሪኔልን በመሰለ ሩቅ ቦታ ያለው ኑሮ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እንጀራ ለመግዛት መኪና ያስፈልጋል፣ መኪና ለማግኘት መኪና ያለው ጓደኛ ያስፈልጋል፣ ጓደኛ ለማግኘት ከክፍል መውጣት ያስፈልጋል። ሐበሻ በሌለበት ካምፓስ የተማሩ ልጆች ኔፓላዊም ጋናዊም የአዮዋ ገበሬ ልጅም ወዳጅ ይዘው የሚወጡት ሰው ስለሚወዱ አይደለም፤ እንጀራ ስለሚወዱ ነው። እግረ መንገዴን ስለ መኝታ ቤት አንድ ነገር ልናገር፣ ይህኛው ያለ ቀልድ ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ለገና ዕረፍት የተማሪዎችን መኖሪያ ይዘጋሉ። አገሬው ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ እርስዎ ሻንጣ ይዘው በበረዶ መሃል ይቆማሉ። ሳያመለክቱ በፊት ለኮሌጁ ኢሜይል ጽፈው «ለገና ትዘጋላችሁ? ከዘጋችሁ እኔ የት አድራለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሚመጣው መልስ ስለ ኮሌጁ ጠባይ ከሠንጠረዡ የበለጠ ይነግርዎታል።

አውሮፓ የመረጠ ሰው ሌላ ዓይነት ሰዓት ይለማመዳል። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የቆየ ልማድ አለ፤ ጠዋት አራት ሰዓት የተባለ ትምህርት አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ፊደላት ከተጻፉበት የሚጀምረው አራት ከሩብ ላይ ነው። ሐበሻ ይህን ሲሰማ አገሩ የገባ ይመስለዋል። አይዘናጉ፤ ከሩቡ አንድ ደቂቃ ያለፈ እንደሆነ መምህሩም ተማሪውም ዞሮ ያይዎታል። እሑድ ሱቅ በሕግ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ያልገዛ ሰው እሑድን ያለ ወጥ ይውላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ዝምታ ነው፤ ቡና መውቀጥ ጎረቤት ያስነሣል። ቆሻሻው በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ ይጣላል፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ግን 25 ሳንቲም የተያዘበት ነውና እንደ ገንዘብ ይቀመጣል። ጓደኛ ቤት ሳይነግሩ፣ ሙዝ አንጠልጥለው፣ «ሰላም ብዬ ልለፍ» ብለው በር አያንኳኩ። የከፈተልዎት ልጅ ሰው ሞቶ ሊያረዱት የመጡ ይመስለዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚጠጣ ቡና ቀጠሮ ይያዝልዎታል፤ ዘነበም በረደም ቡናው በሰዓቱ ይጠጣል። እንዲህ ሁለት ዓመት ከጠጡ በኋላ ያ ልጅ ቤት ሲቀይሩ ፍሪጅዎን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው ሰው ነው። የእኛ «አለሁልህ» ባዮች በዚያ ቀን ስልካቸው አይሠራም።

ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የመጣን ተማሪ ታስከፍላለች፤ ስኮላርሺፕ ካገኙ ግን ኡፕሳላን ችላ አይበሉ። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1477 ነው። በውስጡ «ኔሽን» የሚባሉ 13 የተማሪ ማኅበራት አሉ፤ መጀመሪያ የተቋቋሙት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች በአገር ልጅነት እንዲሰባሰቡ ነበር። ዛሬ ርካሽ ምሳ፣ ርካሽ ቢራ፣ መዘምራንና ጭፈራ ያለባቸው፣ ለማንም ተማሪ የተከፈቱ ቤቶች ናቸው። የአውራጃ ማኅበር ሳይጣላና ሳይከፈል ብዙ መቶ ዓመት እንዴት እንደሚኖር ማየት የሚፈልግ የአገራችን ሰው ለዚህ ብቻ ቢሄድ አይከስርም። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ፍሎግስታ የሚባለው የተማሪ መንደር ውስጥ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ተማሪዎች መስኮት ከፍተው መጮህ ልማዳቸው ነው። ጨለማውና ፈተናው ሲከብድ በጩኸት ይወጣል ነው ነገሩ። በእኛ ደንብ ማታ መስኮት ከፍቶ የሚጮህ ሰው በማግሥቱ ጠበል ይወሰዳል፤ እርስዎ ግን ጠበሉ ሩቅ ነውና አብረው ይጩኹ።

«አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ገና አላገባሁም» አለ ይባላል። ይህን አባባል ቤተሰብ ሲሸኝ ማንም አያነሣውም፤ ተማሪ ሊጠፋ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ሲያሰሉ ትዳርን ይዘሉታል። ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሲመረቅ ዲግሪውን ብቻ ይዞ አልነበረም፤ ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ ነበር። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሁለቱ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሲያሰባስቡ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲመሠረትም መሪው እርሱ ነበር። ያን ድጋፍ ያስገኘለት የአናቶሚ ውጤቱ አይደለም፤ ከክፍል ውጭ ያወቀው ሰው ነው። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ለንደን ገብቶ ሥዕል ሆነ ትምህርቱ። ስለዚህ ልጆቻችሁን ለምሕንድስና የምትልኩ ወላጆች፣ ግድግዳችሁ ላይ ባዶ ቦታ ተዉ።

ሻንጣ የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ የእርስዎ ልብስ የሚሆነው ሰባት ኪሎ ገደማ ነው፤ ሌላው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና ለማያውቁት ሰው የሚደርስ የአደራ ዕቃ ነው። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች አይገባም፤ የሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ነው። አሜሪካም ቋንጣውን አታስገባም፤ የያዙትን ምግብ ሁሉ ማስመዝገብም ግዴታ ነው። ይህን ለእናትዎ አስረድተው ይጨርሱና ከዚያ ሻንጣውን እንደገና ይፈትሹ፤ ቅቤው ካልሲ ውስጥ ነው።

ስለ ትምህርቱ ምንም አልተናገርክም እንዳልባል ይህችን ልጨምር። በጀርመን አንድን የግድ የሆነ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ፣ በብዙ ቦታ ደንብ፣ ከዚያ የትምህርት ዓይነት ይሰናበታል፤ በዚያው ትምህርት ሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም አይቀበለውም። በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፤ ያውም ካምፓስ ውስጥ። «ደርሼ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለውን ዕቅድ ያወጣልዎት ሰው ማን እንደሆነ ያስታውሱና ሁለተኛ እንዳያማክሩት።

አሁን የቀረው የአሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ነው። አይ ትዌንቲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሰነድ መጥቷል፣ 350 ዶላሩ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ተከፍሏል፣ 185 ዶላሩ ለቪዛ ማመልከቻ ተከፍሏል፣ ጸጉር ተቆርጧል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ 214 ለ በሚባለው ክፍሉ አመልካችን ሁሉ ላይመለስ የመጣ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ተመላሽ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። እርስዎም የአባትዎን የቤት ካርታ ይዘው፣ ወንድምና እህት ቆጥረው፣ እንደሚመለሱ ምለው ይከራከራሉ። ከግንቡ ውጭ ደግሞ እናትዎ ነጠላቸውን አጣፍተው እዚያው ቅርልኝ ብለው ይጸልያሉ። ሁለቱም ልመና በአንድ ጠዋት ወደ አንድ ሰማይ ይወጣል፤ ቆንስሉ የሚሰማው የእርስዎን ብቻ መሆኑ ነው ያተረፈን።

ቆንስሉ ታዲያ አንድ ነገር ይጠይቅዎታል። «ይህን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጡ?» ይላል። ጎረቤት አልጠየቀዎትም፤ ለጎረቤት አገሩ ይበቃዋል። አባትዎ አልጠየቁም፤ እርሳቸው የጠየቁት ማን እንደሚከፍል ነው። የሚያስፈጽምልዎት ደላላ አልጠየቀም፤ እርሱ ኮሚሽኑን ያውቃል። ከመስታወት በስተጀርባ የተቀመጠ፣ ስምዎን መጥራት የማይችል ባዕድ ሰው ነው መጀመሪያ የጠየቀዎት፤ ለመልሱም ያለዎት ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ስላለች» የሚለው እውነተኛ መልስ እዚያ አይጠቅምም። «በዓለም የታወቀ ስለሆነ» የሚለውን ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሁሉ ብለውታል። መምህራኑ ምን እንደሚያስተምሩ፣ ከተማዋ ምን እንደምትመስል፣ እሑድ እሑድ ምን እንደሚያደርጉ፣ ለገና የት እንደሚያድሩ ቀድመው ጠይቀው የሄዱ እንደሆነ ግን የሚያወሩት አያጡም፤ ቆንስሉም ባያምን እንኳ ይሰለቸውና ያሳልፍዎታል።

እስከዚያው ጊዜ አያባክኑ። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጉት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። የታሸገ ትራንስክሪፕትዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ማኅተም ያዡ ቢሮ የሚገኘው ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው።